ከቡናው በርጩማ የሚጀምር ቤት፦ በቆዩ ዕቃዎች ቤትን ስለማስጌጥ

ደሴ ላይ ክረምት ሲገባና የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ሲከናነብ ሰው ቤቱን በደንብ ያየዋል። ደጅ መቀመጥ ስለማይቻል ቡናው ከውስጥ ይፈላል፣ ጨዋታው ከውስጥ ይሆናል። እኔ የእናቴን መሶብ ከቆጥ ያወረድኩት በእንዲህ ያለ ሐምሌ ነበር። ከቴሌቪዥኑ ጎን የቆመውን የፕላስቲክ አበባ አነሣሁና መሶቡን በቦታው አስቀመጥኩት። በማግስቱ ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። «ይህን መሶብ አውቀዋለሁ፤ እናትህ ሲሰፉት አክርማ አቀብያቸው ነበር» አሉ። አበባው ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያው ቆሞ ማንንም አንዲት ቃል አላናገረም።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የዘመዶቼንም ቤት በቆዩ ዕቃዎች ሳዘጋጅ ቆይቻለሁ። የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ የቆየ ዕቃ የሚያምረው ከሥራው ወይም ከሥራው ጎረቤት ሲቀመጥ ነው። ጀበና ከረከቦት ርቆ መስታወት ውስጥ ሲቆለፍ ይሞታል። መሶብ ምግብ በሚቀርብበት አካባቢ ሲሆን፣ ፋኖስም በር አጠገብ ሲንጠለጠል ግን ቤቱ ራሱ ዕድሜ ያገኛል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

1. በመጀመሪያ የራስዎን ጓዳ ያውርዱ

ገበያ ከመውጣትዎ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ይመድቡ። ቆጡን፣ የአልጋውን ሥር፣ የማእድ ቤቱን ጥግ፣ የቆርቆሮ ሳጥኑን ይፈትሹ። ገጠር የአያት ቤት ካለ እዚያም ይሂዱ። ያገኙትን ሁሉ ወለል ላይ ጨርቅ አንጥፈው በአንድነት ይደርድሩት። ወሎ ውስጥ ብዙ ቤት የሚገኘው ተመሳሳይ ነው፦ መሶብ፣ ሌማት፣ ሙዳይ፣ አገልግል፤ ጀበናና ከስድስቱ የተረፉ ሁለት ሦስት ፍንጃሎች፤ እንስራና ገንቦ፤ የወተት ጮጮ፤ የቀንድ ዋንጫ፤ ፋኖስና ኩራዝ፤ የከሰል ካውያ፤ ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና፤ በባትሪ ድንጋይ ይሠራ የነበረ ሬዲዮ፤ የሱፍ ባና እና በርኖስ፤ ኮርቻ ከነእርካቡ፤ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች።

ከዚያ በኋላ ይለዩ። ዛሬም መሥራት የሚችለውን ለብቻ፣ ባይሠራም መልኩ ወይም ትዝታው የሚያስቀረውን ለብቻ ያድርጉ። የቀረውን አይጣሉት፤ ወንድምና እህት፣ አክስትና አጎት ጠርተው ያሳዩአቸው። ለእርስዎ የተሰበረ ገል የሆነው ለእህትዎ የልጅነቷ ዕጣን ማጨሻ ሊሆን ይችላል። የቤተሰብን ዕቃ ሳያማክሩ ወደ ራስ ሳሎን መውሰድ ከአንድ መሶብ ዋጋ በላይ ቅሬታ ያመጣል። አስቀድመው ይጠይቁ፤ የተስማማችሁበትንም ሁሉም ይወቀው።

2. ታሪኩን ሰው እያለ ይጻፉት

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምለምነው ይህንኑ ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ የመዳፍ ግማሽ የምታህል ወፍራም ወረቀት ይቁረጡ። የማን እንደነበረ፣ ማን እንደሠራው፣ ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደዋለ በእርሳስ ይጻፉበት። የእስክሪብቶ ቀለም እርጥበት ሲያገኘው ይፈስሳል፤ እርሳስ ግን ይቆያል። ወረቀቱን በዕቃው ላይ አይለጥፉት፤ ከሥሩ ያድርጉት ወይም በጥጥ ክር ያንጠልጥሉት።

ሽማግሌዎችን ስለ ዓመተ ምሕረት ቢጠይቁ መልስ ላያገኙ ይችላሉ። በክስተት ይጠይቁ። «ጣሊያን ሲገባ ይህ ሳጥን ነበር?» «እርስዎ ሲዳሩ ነው የመጣው?» «ከሰባ ሰባቱ በፊት ነው በኋላ?» ይበሉ። የሰባ ሰባቱ ጥያቄ ወሎ ውስጥ ከባድ ነው። በ1966ቱም ሆነ በ1977ቱ ድርቅ ብዙ ቤተሰብ ድሪውንና አልቦውን፣ አንዳንዱም የጣሪያውን እንጨት ሳይቀር ሸጦ እህል ገዝቷል። ስለዚህ ከዚያ ዘመን ተርፎ እጅዎ የገባ አንድ ጥንድ የብር አምባር ምን ያህል ነገር አልፎ እንደመጣ ያስቡ። ሲጠይቁም ቀስ ብለው፣ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ፣ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ማውራት እንደፈቀዱት ልክ ይሁን።

ለሲንጀር መኪና ሌላ መንገድም አለ። በአካሉ ላይ የተቀረጸው ተከታታይ ቁጥር ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ስለሚመሳከር የተሠራበትን ዓመት ይነግራል። ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ ይገልብጡት።

3. ገበያ ሲወጡ

ጓዳው የሰጠው ካልበቃ ወደ ገበያ ይሂዱ። ሰኞ ባቲ የሚውለው ገበያ ከደጋ የወረደውን አማራና ኦሮሞ ከቆላ ከመጣው አፋር ጋር ያገናኛል፤ ሸክላ፣ ቆዳ፣ ስፌት፣ አንዳንዴም የብር ጌጥ ይገኝበታል። ጠዋት ይድረሱ፤ ባቲ ቆላ ስለሆነች ከረፋድ በኋላ ፀሐዩ ያደክማል። ደሴና ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ደግሞ አሮጌ ዕቃ የሚገዙና የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ከሁለቱም የበለጠ የማምነው ግን ሦስተኛው መንገድ ነው። ቤት የሚያፈርስ ወይም የሚያድስ ሰው ሲያዩ ይጠይቁ። የጣሊያን ዘመን ቤት ሲፈርስ የሚወጣ የእንጨት በር፣ የብረት መቀርቀሪያ፣ የመስኮት መዝጊያ ብዙ ጊዜ ለማገዶ ይሄዳል።

አንድ ዕቃ በእርግጥ የቆየ መሆኑን እንዴት ይለያሉ? እጅ የሚነካውን ቦታ ይመልከቱ። እውነተኛ በርጩማ መሀሉ ላይ ይለሰልሳል፤ የእግሩ ጫፍ ይበላል፤ የታችኛው ገጽ ግን ሻካራ ሆኖ ይቀራል። የቀንድ ዋንጫ ከንፈሩ ላይ ይሳሳል። የጀበና እጀታ ይወዛል። እንስራ ጀርባ ላይ ሲጫን ማዘያው የሚሻሽበት ጎን ይነጣል። በጭስ የጠቆረና ዙሪያውን እኩል የደበዘዘ ዕቃ ካዩ ይጠርጥሩ። ዕድሜ እኩል አይዳብስም፤ ለገዢ ተብሎ የተጠቆረ ግን ሁሉም ጎኑ አንድ ዓይነት ነው። የትል ቀዳዳም እንዲሁ፤ እውነተኛ የነቀዝ ቀዳዳ ያለ ሥርዓት ይበተናል፣ ወደ ውስጥም ይጣመማል፤ በሚስማር የተበሳው ቀጥ ብሎ ይገባል።

ስፌት ሲገዙ ክሩን በጣትዎ ይዳስሱ። የቀድሞው መሶብ ከሰንደዶና ከአክርማ ይሰፋል፤ ሣር ስለሆነ ይሻክራል፣ ቀለሙም በፀሐይ በኩል ገርጥቶ በውስጥ በኩል ደምቆ ይገኛል። ከማዳበሪያ ጆንያ በተመዘዘ ክር የተሰፋው ያብረቀርቃል፣ ቀለሙም በውስጥም በውጭም አንድ ነው። ሁለተኛው የሴቶቻችን የእጅ ሥራ ነውና አልንቀውም፤ ነገር ግን በቆየው ዋጋ አይገዛም።

ጠገራ ስለሚባለው የማሪያ ቴሬዛ ብር ለብቻው ልንገርዎ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ጠገራው ላይ 1780 የሚለውን አይቶ «ከ200 ዓመት በላይ የቆየ ነው» የሚል ሻጭ ያጋጥምዎታል። 1780 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሲታተም የኖረው ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዟል። ስለዚህ ቁጥሩ ዕድሜውን አይነግርዎትም። ትክክለኛው ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ ጠርዙ ላይም ጎልተው የወጡ የላቲን ፊደላትና ጌጦች አሉበት። ማግኔት ይዘው ይሂዱ፤ ከሳበው አይግዙ። ማግኔት አለመሳቡ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ የወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ያስመዝኑት። ይህ ገንዘብ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር እስኪወጣ ድረስ ሀገራችን ውስጥ ሲገበያይ የኖረ ነው። አንጥረኞችም እያቀለጡ ድሪና አልቦ ይሠሩበት ነበርና አሮጌ የብር ጌጥ ሲያዩ የጠገራ ልጅ መሆኑን ያስታውሱ።

ከባለቤቱ እጅ ሲገዙ በአንቱታ ይነጋገሩ። «እማማ፣ ይህን ሙዳይ ለመሸጥ በእርግጥ ፈቅደዋል? ልጆችዎስ ያውቃሉ?» ብለው ይጠይቁ። ከተጠራጠሩ ይተዉት። ዕቃውን ቢገዙትም ታሪኩን ጨምረው ይቀበሉ፤ ያቺ ትንሽ ወረቀት እዚያው ትሞላ።

4. ምንም ቢያምር የማይገዙት

የብራና መጽሐፍ፣ የቤተ ክርስቲያን መስቀልና ሥዕል፣ ከመስጊድ ወይም ከመድረሳ የወጣ በእጅ የተጻፈ ቁርኣንና ኪታብ፣ ከመቃብር ወይም ከፍርስራሽ የተቆፈረ ነገር፣ የመዝገብ ቁጥር የተጻፈበት ማንኛውም ዕቃ ለሳሎን አይሆንም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግል እጅ ያለ ቅርስ እንዲመዘገብ፣ ያለ ፈቃድም ከሀገር እንዳይወጣ ያዝዛል። የሚጠራጠሩት ዕቃ ካለ የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያማክሩ።

ይህን የምለው ሕግ ስላለ ብቻ አይደለም። ወሎ በዚህ ነገር ቁስሏ ብዙ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ቅርስ በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጦታል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደግሞ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ከዚያ የወጣው ዕቃ አሁንም በሰው እጅ ሊዞር ይችላል። የአንድ ሕዝብ ማስታወሻ በእኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንዲያምር አልፈልግም፤ እርስዎም እንደማይፈልጉ አምናለሁ።

5. ማጽዳት፦ ትንሽ መንካት፣ ቀስ ማለት

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ ብዙ ዕቃ የሚበላሸው በእርጅና ሳይሆን በጽዳት ነው። እኔ ራሴ የአክስቴን ሌማት በሳሙናና በውኃ ብሩሽ አድርጌ አጠብኩት። ቀዩ ቀለም ነጩ ላይ ፈሰሰ፣ ሰንደዶው አበጠ፣ ሲደርቅ ደግሞ ተጣመመ። አክስቴ ምንም አላሉኝም፤ ዝም ብለው በመዳፋቸው ደጋግመው ሲዳብሱት አየሁ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ድረስ ያሳዝነኛል።

ስፌት፦ ውኃ አያስነኩት። ደጅ፣ ጥላ ሥር፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይዘው ከላይ ወደ ታች፣ የስፌቱን ዙር ተከትለው አቧራውን ያራግፉ። ነጭ ሻጋታ ካለ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ደጅ ይቦርሹት፤ ከዚያ ነፋስ ባለበት ጥላ ለሁለት ሦስት ቀን ያቆዩት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ሻጋታውን ቢያደርቅም ቀለሙን ይበላል።

እንጨት፦ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። እድፍ ካለ ጨርቁን በውኃ አርጥበው በደንብ ከጨመቁ በኋላ ያብሱና ወዲያው ያድርቁ። ቫርኒሽ አይቀቡ፤ በአሸዋ ወረቀትም አይፋቁ። አንድ ዘመዴ የአያቱን የሠርግ ሳጥን ለአናጢ ሰጥቶ «አዲስ» አድርጎ ተቀበለው። ሳጥኑ አበራ፤ የአያቱ እጅ የጻፈው ሁሉ ግን ከመጋዝ ብናኙ ጋር ተጠርጎ ሄደ። እንጨቱ በጣም ከደረቀ ጥቂት ንጹሕ የንብ ሰም በለስላሳ ጨርቅ ይቀቡና ይወልውሉት። የተልባ ዘይት የሚጠቀሙ ከሆነ ይጠንቀቁ፤ ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ሲቀመጥ ከራሱ ሙቀት እሳት ሊነሣበት ይችላል። ዘርግተው ደጅ ያድርቁት።

እንጨቱ ሥር አዲስ የዱቄት ብናኝ ካዩ ነቀዙ አሁንም በሕይወት አለ ማለት ነው። ትንሽ ዕቃ ከሆነ በላስቲክ ጠቅልለው፣ አየር እንዳይገባ አጥብቀው፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ያህል የሚወርድ የበረዶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያስቀምጡት። ካወጡት በኋላ ላስቲኩን ሳይፈቱ አንድ ቀን ያሳድሩት፤ ካልሆነ ጠሉ ዕቃው ላይ ያርፋል። ይኸው ዘዴ ብል ለገባበት ባናና በርኖስም ይሠራል።

ብረታ ብረት፦ የብር ጌጥን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይወልውሉ። በአመድ መፈተግ የቆየ ልማድ ነው፤ ግን ጌጡ ላይ ያለውን ጥልፍ እየጫረ ያጠፋዋል። ጥቁረቱ በጎድጓዳው መስመር ውስጥ ይቅር፤ ቅርጹን የሚያጎላው እሱ ነው። ነሐስን ማብራት ከፈለጉ ሎሚና ጥቂት ጨው ይሠራል፤ ወዲያው በብዙ ውኃ አለቅልቀው ማድረቅ ግን ግድ ነው። እኔ በበኩሌ የነሐስ ዕቃን ደብዘዝ ብሎ እተወዋለሁ። ብረት ዝጎ ከሆነ በደረቅ ብሩሽ ያራግፉና ስስ ሰም ይቀቡት።

ቆዳ፦ ኮርቻ፣ ስልቻ፣ የጠፍር አልጋ ሁሉ ከፀሐይና ከምድጃ ይራቁ። ቅቤ አይቀቡ፤ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል።

ሸክላ፦ ብዙ አይቸገሩበት፤ አቧራውን ያብሱ። የተሰነጠቀ ጀበና ቡና አያፍሉበት፣ ግን አይጣሉትም።

አንድ ማሳሰቢያ ለሁሉም፦ የቆየ የብየዳ እርሳስ ያለበት፣ ቀለሙ የተላጠ የኢናሜል ሳህን ወይም ውስጡ ቆርቆሮ ያልተቀባ የመዳብ ዕቃ ላይ ምግብና መጠጥ አያቅርቡ። ለዓይን ይሁን፤ ለአፍ አይሁን።

6. በርጩማው ላይ ተቀምጠው ይመልከቱ

አሁን ባዶ ሳሎን ውስጥ ቡና የሚፈላበት ቦታ ላይ በርጩማ ያስቀምጡና ይቀመጡ። የፈርንጅ ቤት ማስጌጫ መጽሔት ሥዕልን በቆመ ሰው ዓይን ልክ፣ ከወለል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ ላይ ስቀሉ ይላል። የእኛ ቤት ግን የሚታየው ተቀምጦ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ የእንግዳው ዓይን ከወለል አንድ ሜትር ገደማ ላይ ይውላል። ስለዚህ ዝቅ ያድርጉ። የመሶቡ ክዳን፣ የፎቶው መሀል፣ የጋሻው እንብርት ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ20 ይሁን። ይህን ብቻ ቢለውጡ ቤቱ ምን ያህል እንደሚሞቅ ያያሉ።

ከዚያ አንድ ግድግዳ ይምረጡ፤ አራቱንም አይሙሉ። መጠኑ መካከለኛ በሆነ ሳሎን ውስጥ ከበርጩማው ሆነው የሚታዩት የቆዩ ዕቃዎች ከዘጠኝ ባይበልጡ እመክራለሁ። ቀሪው ሳጥን ውስጥ ይቆይና በየበዓሉ ይለዋወጥ። ለመስቀል የወጣው ለገና ይገባል፤ ለኢድ ሌላው ይወጣል። ዕቃው ያርፋል፤ እንግዳም ሁልጊዜ አዲስ ነገር ያያል።

አቀማመጡን በሥራ ያስተሳስሩ። የቡና ጥግ፦ ረከቦት፣ የቆየ ጀበና፣ ፍንጃሎች፣ የዕጣን ገል፣ ከኋላው ግድግዳ ላይ አንድ ሰፌድ። ቡናውን የሚያፈሉበት አዲሱ ጀበና ከአሮጌው ጎን ቢሆን አያፍሩበት፤ እናትና ልጅ ናቸው። የመሶብ ጥግ፦ መሶቡ፣ ሌማቱ፣ በአጠገቡ የእጅ መታጠቢያው። የበር ጥግ፦ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ተፈስሶ የጸዳ ፋኖስ፣ የእርካብ ጥንድ፣ ከዘራ። ወፍጮውና መጁ ከባድ ስለሆኑ ደጅ ግቢው ውስጥ፣ ከጽጌረዳው ሥር ይቀመጡ፤ መደርደሪያ ላይ ማውጣት አደጋ ነው። የጠፍር አልጋ ባና ተነጥፎበት መስኮት ሥር ቢሆን ከየትኛውም ሶፋ ይበልጥብኛል።

ክራር ወይም መሰንቆ ካለ ሰው እጁን ዘርግቶ የሚደርስበት ቦታ ይሰቀል። አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ከወሎ መሬት የወሰዱ ናቸው፤ እዚህ ሀገር ክራርን ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ዝም ማሰኘት አግባብ አይደለም።

ቀለም ላይ ብዙ አልልም። ግድግዳው የኖራ ነጭ ወይም የአፈር ቀለም ይሁን፤ ስፌቱ ራሱ በቂ ቀለም አለው።

ወሎ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ እስላምም ክርስቲያንም ይገኛል፤ የእኛም ቤት እንዲሁ ነው። ልጆች ቁርኣን የቀሩበት ለውህ (የእንጨት ሰሌዳ) ወይም የአያት የአንገት መስቀል በቤት ውስጥ ካለ፣ ከፍ ባለና በንጹሕ ቦታ፣ ከእግር አቅጣጫ ርቆ ይቀመጥ። ከፍ ይበል ያልኩት ይህን ብቻ ነው። የዱዓ ወይም የጸበል እንግዳ ሲመጣ የማን ዕቃ የት እንዳለ አይቶ ደስ ይለዋል።

7. አሰቃቀልና ብርሃን

የጭቃ ቤት ከሆነ ምርጊቱ ላይ ሚስማር አይምቱ፤ ይፈርሳል፣ ዕቃውም ይወድቃል። ግድግዳውን በጣት አጥንት እያንኳኩ ቋሚውን ወይም ማገሩን ይፈልጉ፤ ድምፁ ድፍን ያለበት ቦታ ላይ ይምቱ። ብሎኬት ከሆነ በመሰርሰሪያ በስተው የፕላስቲክ ፊሸር ያስገቡ። የድንጋይ ቤት ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ የግድግዳው ውፍረት የመስኮቱን ደፍ መደርደሪያ ያደርገዋል።

ሰፌድንና ሌማትን በሚስማር አይብሱ። ከጀርባ በኩል ሁለት ቦታ ላይ የጥጥ ክር በስፌቱ መሀል አሳልፈው ማንጠልጠያ ያብጁለት። ድሪና አልቦን በጥቁር ወይም በጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ሰፍተው በመስታወት ፍሬም ማድረግ ይቻላል፤ መስታወቱ ብሩን አይንካ፣ በመካከሉ ክፍተት ይኑር።

ፎቶግራፎችን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ዋናውን አይስቀሉ። ፎቶ ቤት ወስደው በጥሩ ጥራት ያስገልብጡ፤ ግልባጩን ይስቀሉ፣ ዋናውን ጨለማና ደረቅ ሳጥን ውስጥ ያኑሩ። ብርሃን የበላው የአያት ፊት አይመለስም።

ቀትር ላይ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ስፌትም ጨርቅም አይሁን። ሸክላና ብረት ብቻ ይቻለዋል። ከሰል የሚነድበት ማንደጃ ደግሞ ከስፌቱ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ፤ ደረቅ ሰንደዶ እንደ ጭድ ነው የሚቀጣጠል። የድሮ ሬዲዮ ካለዎት መልኩ ብቻ ይበቃል፤ ባለሙያ ውስጡን ሳያይ 220 ቮልት አያገናኙት።

8. ከክረምት በፊትና በኋላ

ቦታው ሥራውን ይለውጠዋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምቷ ይርሳል፣ ጠላቷ ሻጋታ ነው። ከእሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሙቀቱ ይጨምራል፤ እዚያ የሚያሳስበው ምስጥ ነው። ባቲና ከሚሴም እንደዚያው። ደጋ ላይ ያሉ ከሆነ ዕቃውን ከግድግዳው ሁለት ጣት ያህል አርቀው ያስቀምጡ፤ አየር በኋላው ይለፍ። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ቆዳውንና ስፌቱን አውጥተው ያናፍሱ፤ ሣጥን ውስጥ የሚገባውን በላስቲክ ሳይሆን በጥጥ ጨርቅ ይጠቅልሉ፣ ላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛልና። ቆላ ላይ ያሉ ከሆነ የእንጨቱን እግር ከወለል በጠፍጣፋ ድንጋይ ከፍ ያድርጉት፤ በየሳምንቱም ሥሩን ይዩ፣ የአፈር ዋሻ የመሰለ መስመር ካዩ ምስጡ መንገድ ጀምሯል።

መስከረም ሲጠባና ሰማዩ ሲጠራ ሁሉንም አንድ ጊዜ አውጥተው ጥላ ሥር ይደርድሩት። ያቺን በእርሳስ የተጻፈች ወረቀት እያነሡ ለልጆች ያንብቡላቸው። በዚያ ዓመት ከሽማግሌ የሰሙት አዲስ ነገር ካለ ከሥሩ ይጨምሩበት፤ ቦታ ካለቀ ጀርባውን ይገልብጡና ይቀጥሉ።